ተጋጣሚ ሞልቷል፤ የጠፋው ቀን ነው

ጥያቄው የመጣው ኮኔቲከት ከሚኖሩ አባት ነው። ልጃቸው ዩኮን ይማራል፤ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እሳቸውም በእሱ ምክንያት የአሜሪካን ፉትቦል ማየት ጀምረዋል። እንዲህ ይላሉ፦

«እኔ የማውቀው የእኛን እግር ኳስ ነው። ፌዴሬሽኑ ዕጣ ያወጣል፣ ፕሮግራም ይወጣል፣ አለቀ። ልጄ ግን ዩኮን በፉትቦል ሊግ የለውም ይለኛል። ታዲያ ተጋጣሚውን ማነው የሚሰጠው? ሰምቼው የማላውቀው ኮሌጅ ይመጣና ተቀጥቅጦ ይሄዳል። ሌላ ጊዜ የእኛዎቹ ሄደው ይቀጠቀጣሉ። ቆይ፣ ይሄ ነገር ሕግ አለው? ደግሞ በፈረቃ ነው የምሠራው። እረፍት የምጠይቅበትን ቅዳሜ ቁርጡን መቼ ነው የማውቀው?»

በእረፍቱ ልጀምርልዎ ብዬ ነበር። ግን እሱ የሚገባው ሌላው ከገባ በኋላ ነው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አጭሩ መልስ፦ የሚሰጠው የለም። ራሱ ደውሎ፣ ለምኖ፣ ከፍሎ ወይም ተከፍሎት ነው የሚያገኘው። እኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ውስጥ የጨዋታ ውል በማዘጋጀት ዓመታት አሳልፌአለሁ። የሥራው ግማሽ ስልክ መደወል ነው። ሌላው ግማሽ እስኪደወልልዎ መጠበቅ ነው።

እዚህ አገር የኮሌጅ ሊግ ኮንፈረንስ ይባላል። በከፍተኛው ደረጃ፣ ኤፍቢኤስ በሚባለው፣ አንድ ቡድን በመደበኛው ወቅት 12 ጨዋታ ይጫወታል። ኮንፈረንስ ካለው ከ12ቱ 8ቱን ወይም 9ኙን ኮንፈረንሱ ያወጣለታል። ለራሱ የሚቀረው 3 ወይም 4 መፈለግ ብቻ ነው። ኮንፈረንስ የሌለው፣ ኢንዲፔንደንት የሚባለው፣ 12ቱንም ራሱ ይፈልጋል። በ2025 ወቅት ከ136 ቡድኖች እንዲህ ሆነው የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ኢንዲያና ያለው ኖተር ዴምና የልጅዎ ዩኮን። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።)

ኮንፈረንስን እንደ ጽዋ ማኅበር ያስቡት። ተራው ይታወቃል። ዘንድሮ እኔ ቤት፣ ለከርሞ እርስዎ ቤት። ማኅበር የሌለው ሰው ግን ሲጠሩት ይሄዳል፤ ሲደግስም ማን እንደሚመጣለት አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሰው ሁሉ የሚመስለው ተጋጣሚ ማግኘት ከባድ እንደሆነ ነው። ተጋጣሚማ ሞልቷል። የሚጠፋው ቀን ነው።

ወቅቱ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው። 13 ወይም 14 ቅዳሜ ቢሆን ነው። ኮንፈረንስ ያላቸው ቡድኖች ከውጭ ቡድን ጋር ያሏቸውን ጥቂት ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ይጨርሷቸዋል። ስለዚህ ለሴፕቴምበር ስልክዎ አያርፍም። ሁሉም እንግዳ ይፈልጋል፣ ሁሉም «እኛ ጋር ና» ይላል። ኦክቶበር ሲገባ በሩ ይዘጋል። ሁሉም ከማኅበርተኛው ጋር ተጠምዷል። በጥር ወር አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ አዳራሽ ፈልገው ያውቃሉ? ልክ እንደዚያ ነው። ገንዘብ ይዘው ቆመው አዳራሽ የለም።

ያለው ቀዳዳ ጠባብ ነው። እያንዳንዱ ቡድን በወቅቱ መሃል አንድ ወይም ሁለት የእረፍት ሳምንት አለው። ከዚያ አንዱን ለእርስዎ እንዲሰጥ ማግባባት ነው። ወይም የቡድኖቹ ቁጥር ጎዶሎ የሆነ ኮንፈረንስ ይፈልጋሉ። እዚያ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ቡድን ተጋጣሚ ያጣል። ያ ጾሙን የዋለ ቡድን ማን እንደሆነ ቀድሞ ያወቀ ሰው ስልኩን ቀድሞ ያነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ እንደ ቤት ልውውጥ ሦስት ወገን ይፈልጋል። አንዱ ቡድን ጨዋታውን ወደ ሌላ ዓመት ይገፋል፣ ሁለተኛው በእሱ ቦታ ይገባል፣ እርስዎ ሁለተኛው የለቀቃትን ቅዳሜ ይይዛሉ። ሦስቱም ካልፈረሙ ሁሉም ይፈርሳል።

ምን ያህል እንደሚጠብ በአንድ ነገር ላሳይዎ። በ2018 ኒው ሜክሲኮ ስቴትና ሊበርቲ ሁለቱም ኢንዲፔንደንት ነበሩ። ኦክቶበር ላይ ኒው ሜክሲኮ ተገናኙና ባለሜዳዎቹ 49 ለ 41 አሸነፉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ማለቂያ ላይ ቨርጂኒያ ተገናኙ፤ ሊበርቲ 28 ለ 21 ብድሩን መለሰ። በ2019ም እንደገና ሁለት ጊዜ ተጋጠሙ። ለእኛ ደርሶ መልስ ብርቃችን አይደለም። በኮሌጅ ፉትቦል ግን በአንድ መደበኛ ወቅት ያንኑ ቡድን ሁለቴ መግጠም ጉድ ነው። ሰው ሳቀባቸው። እኔ አልሳቅኩም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ባዶ ቅዳሜ ነበራቸው፤ ባዶውን በባዶ ሞሉት።

ኖተር ዴምን ያየ ሰው «እነሱ ምን ይቸግራቸዋል» ይላል። እውነት ነው፣ ሁሉም ሊገጥማቸው ይሻማል። ከ1991 ጀምሮ የሜዳቸውን ጨዋታ ኤንቢሲ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው የሚያሳየው። ስታዲየማቸው ከ77,000 ሰው በላይ ይይዛል። ግን ቀን እነሱንም ቸግሯቸዋል። በ2012 ኤሲሲ ከሚባለው ኮንፈረንስ ጋር ስምምነት አደረጉ። አብዛኞቹ ሌሎች ስፖርቶቻቸው አባል ሆኑ። ፉትቦሉ ኢንዲፔንደንት እንደሆነ ቀረ፤ ግን ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ በአማካይ 5 ጨዋታ ከኤሲሲ ቡድኖች ጋር ሊጫወት ቃል ገባ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ግማሽ ጋብቻ ያየዋል። እኔን ቢጠይቁኝ የገዙት ኖቬምበርን ነው። አምስት ጥሩ ቡድኖችን በስልክም ያገኟቸው ነበር፤ ለሴፕቴምበር። በወቅቱ መሃልና መጨረሻ ላይ አምስት ጥሩ ቡድን የሚያመጣልዎ ግን ኮንፈረንስ ብቻ ነው።

አምስቱ ሲገቡ ደግሞ ሌላ መውጣት ነበረበት። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2012 ሚሺጋን ኖተር ዴም ሜዳ ላይ ለመጫወት መጥቷል። ከጨዋታው በፊት የኖተር ዴም አትሌቲክ ዳይሬክተር፣ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ማለት ነው፣ ጃክ ስዋርብሪክ ለሚሺጋኑ አቻቸው ዴቭ ብራንደን ደብዳቤ ሰጧቸው። ብራንደን ሳይከፍቱት ኪሳቸው ከተቱት። ቆይተው ሲያነቡት ከ2014 በኋላ የነበሩት ጨዋታዎች ተሰርዘዋል ይላል። በእግር ኳስ ቢሆን «ደርቢው ቀረ» እንደማለት ነው። እንዲህ ያሉ ውሎች የዓመታት ማስጠንቀቂያ ስለሚጠይቁ ደብዳቤ የሚሰጥበት ቀን ራሱ ገንዘብ ነው። ሁለቱ ቡድኖች እንደገና የተገናኙት በ2018 ነው።

ኖተር ዴም ኢንዲፔንደንት የሆነው በኩራት ብቻ አይደለም። ወደው የገቡበትም አይመስለኝም። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የአካባቢያቸው ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዛሬ ቢግ ቴን የምንላቸው፣ በር ዘጉባቸው። አባል አላደረጓቸውም፣ ሊገጥሟቸውም አልፈለጉም። በ1913 አሠልጣኙ ጄሲ ሃርፐር ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። ሩቅ ለሩቅ፣ ለማያውቃቸው ሁሉ። አርሚ፣ የዌስት ፖይንቱ የጦር አካዳሚ፣ አንድ ቀን ክፍት ሆኖበት ነበርና እሺ አለ። ኖቬምበር 1 ቀን ኖተር ዴም በባቡር ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ 35 ለ 13 አሸነፈ። በ1926 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ካለው ዩኤስሲ ጋር ጀመሩ። ጎረቤት ባለመኖሩ አገር ለአገር ዞሩ፤ ደጋፊያቸውም አገር ሙሉ ሆነ። ያቺ የአርሚ ክፍት ቀን ባትኖር ታሪኩ ሌላ ነበር። እንግዲህ ያኔም ነገሩ የቀን ነበር።

ወደ ዩኮን እንምጣ። የእርስዎ ጉዳይ እሱ ነው።

ዩኮን በ2020 ከአሜሪካን አትሌቲክ ኮንፈረንስ ወጣ። ለመውጣት 17 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ነው። ያስወጣው ቅርጫት ኳስ ነው። የድሮ ጎረቤቶቹ ወዳሉበት ቢግ ኢስት መመለስ ፈለገ። ቢግ ኢስት ደግሞ ፉትቦል የለውም። ስለዚህ ቅርጫት ኳሱ ቤት አገኘ፣ ፉትቦሉ ደጅ ቀረ። የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ኮሮና የገባበት ነው። ዩኮን በዚያ ኦገስት ከኤፍቢኤስ ቡድኖች ሁሉ ቀድሞ ወቅቱን ሰረዘ።

አሁን የ2024ቱን ፕሮግራም አብረን እናንብበው። በጣቴ እየጠቆምኩ እንደማሳይዎ ይቁጠሩት።

ኦገስት መጨረሻ፣ ሜሪላንድ። ሄደው 50 ለ 7 ተሸነፉ። «የእኛዎቹ ሄደው ይቀጠቀጣሉ» ያሉት እንዲህ ያለውን ይመስለኛል። ቀጥሎ ሜሪማክ መጣ። 63 ለ 17። ሰምቼው የማላውቀው ኮሌጅ ያሉት ደግሞ ይሄ ነው። ሜሪማክ ማሳቹሴትስ ያለ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በኤፍሲኤስ የሚጫወት ቡድን ነው። ለምን መጣ? ዩኮን የሜዳ ጨዋታና ድል ይፈልጋል፤ ሜሪማክ ገንዘብና ትልቅ ሜዳ ላይ መታየት ይፈልጋል። ሕግም አለው። ከወቅቱ በኋላ ቦውል በሚባለው ጨዋታ ለመሳተፍ 6 ድል ያስፈልጋል። ከኤፍሲኤስ ቡድን ላይ የተገኘ ድል የሚቆጠረው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ሜሪማክ ያያሉ፤ ሁለት ካዩ አንድ ነገር ፈርሷል ማለት ነው።

ከዚያ ዱክ ሄደው 26 ለ 21 ተሸነፉ፤ ያ ሽንፈት የሚያኮራ ዓይነት ነው። ከዚያ ፍሎሪዳ አትላንቲክና ቡፋሎ ኢስት ሃርትፎርድ፣ ዩኮን ሜዳ ድረስ መጡ። እስካሁን ያለው ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሴፕቴምበር ነው። ኦክቶበርን ይመልከቱ። ቴምፕል፣ ዌክ ፎረስት፣ ራይስ። ሦስቱም ዩኮን ሜዳ ላይ! ዌክ ፎረስት የኤሲሲ ቡድን ነው። በኦክቶበር አጋማሽ የትልቅ ኮንፈረንስ ቡድን ቤቱ ድረስ ያመጣ ኢንዲፔንደንት እጅ ይነሳለታል። ጨዋታውን 23 ለ 20 ተሸነፉ። ቢሆንም ፕሮግራሙን ለሠራው ሰው ያ ቅዳሜ ድል ነበር።

ኖቬምበር ላይ ጆርጂያ ስቴት መጣ። ከዚያ ዩኤቢ፣ አላባማ ያለው ማለት ነው፣ ሄዱ፣ ሲራኪዩስ ሄዱ፣ መጨረሻ ላይ ዩማስ፣ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሄደው 47 ለ 42 አሸነፉ። ሲደመር 8 ድል፣ 4 ሽንፈት። በላዩ ቦስተን ላይ በፌንዌይ ቦውል ሰሜን ካሮላይናን 27 ለ 14 ረቱ።

አሁን ተመልሰው ይዩት። ፍሎሪዳ አትላንቲክ፣ ቴምፕል፣ ራይስ፣ ዩኤቢ። አራቱም የአሜሪካን አትሌቲክ ኮንፈረንስ ቡድኖች ናቸው። 17 ሚሊዮን ተከፍሎ የተወጣበት ኮንፈረንስ! ማኅበሩን ለቀቁ እንጂ ከማኅበርተኞቹ አልተቆራረጡም። የሜዳ ጨዋታውንም ይቁጠሩ። ሰባት ነው። የኤፍቢኤስ አባል በዓመት ቢያንስ 5 ጊዜ በሜዳው ሌላ የኤፍቢኤስ ቡድን ማስተናገድ አለበት። ሜሪማክን ሲቀንሱ 6 ይቀራል፤ ከሕጉ አንድ ብቻ ነው የተረፋቸው። ትርፍ ያልነበራቸው ኢንዲፔንደንቶች ይህን ቁጥር ሲቆጥሩ እንቅልፍ አጥተዋል። አንድ እንግዳ ከቀረባቸው ሕግ መጣስ ይመጣል።

ዩማስን ደግሞ ልብ ይበሉ። በ2024 እሱም ኢንዲፔንደንት ነበር። በኖቬምበር መጨረሻ ሁለቱም ክፍት ነበሩ፣ ጎረቤትም ናቸው፣ ስለዚህ ተገናኙ። በ2025 ዩማስ ሚድ አሜሪካን ኮንፈረንስ ገባ። ከእሱ በፊት አርሚ በ2024 ሌላ ኮንፈረንስ ገብቷል። ብሪገም ያንግ፣ ሊበርቲና ኒው ሜክሲኮ ስቴትም በ2023 ኮንፈረንስ አገኙ። በገቡ ቁጥር ለቀሩት ኖቬምበር ይጠባል። ደጅ ያለው ሰው ሲቀንስ ደጁ ይሰፋል ብለው ያስቡ ይሆናል፤ እዚህ የተገላቢጦሽ ነው።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልንካው። ውሉ ሦስት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው ደርሶ መልስ ነው፤ ግን እንደኛው በሳምንቱ አይደለም። ዘንድሮ እነሱ ቤት፣ መልሱ ከአራት ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሁለት ለአንድ ነው፤ ትልቁ ቡድን ሁለቴ ያስተናግዳል፣ አንዴ ይመጣል። ሦስተኛው ጋራንቲ የሚሉት ነው። ትልቁ ይከፍላል፣ ትንሹ ሄዶ ይጫወታል፣ መልስ የለም። በ2007 ሚሺጋን ለአፓላቺያን ስቴት 400,000 ዶላር ከፍሎ አስመጣው። 34 ለ 32 ተሸነፈ። ኖተር ዴም በ2022 ለማርሻል 1.25 ሚሊዮን፣ በ2024 ለሰሜን ኢሊኖይ 1.4 ሚሊዮን ከፍሎ ሁለቱንም ጊዜ በራሱ ሜዳ ተሸነፈ። ቼክ ጽፎ መደብደብ ይሉታል እዚህ ያሉ ቀልደኞች።

ለኢንዲፔንደንት ጋራንቲ ፈታኝ ነገር ነው። የኮንፈረንስ የቴሌቪዥን ድርሻ የለውም፤ ስለዚህ ቼኩ ያጓጓዋል። ሦስት አራት እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲፈርም ግን ወቅቱ ሳይጀመር ሦስት አራት ሽንፈት ፈርሟል። ስድስት ድል ከየት ይመጣል? የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በዓመት ከአንድ በላይ መሸጥ ቡድኑን መብላት ነው።

ወረቀቱ ራሱ ጥቂት ገጽ ቢሆን ነው። ቀን፣ ሜዳ፣ ክፍያ፣ ዳኞች ከየት እንደሚመጡ፣ ለእንግዳው ስንት ትኬት እንደሚሰጥ፣ ቴሌቪዥኑ የማን እንደሆነ፣ ያፈረሰ ስንት እንደሚከፍል። ሁሉም የሚከራከረው በመጨረሻው ላይ ነው። እኔን ያሳመመኝ ግን የመጀመሪያው መስመር ነው።

አንድ ጊዜ ከአንድ የታወቀ ቡድን ጋር ለኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ በስልክ ተስማማን። በደስታ ግድግዳዬ ላይ ባለው ትልቅ ሰንጠረዥ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት። ረቂቁ መጣ። እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ተኛ። ጠበቃዋ እረፍት ላይ ነበረች፤ እኔም «ምን ይሆናል» ብዬ አልገፋሁም። በሦስተኛው ሳምንት የእነሱ ኮንፈረንስ ፕሮግራሙን አወጣ። ያቺ ቅዳሜ ላይ የኮንፈረንስ ጨዋታ ተቀምጦባታል። ሰውዬው ደውሎ ይቅርታ ጠየቀና «ሴፕቴምበር ላይ ላድርግልህ» አለኝ። ሴፕቴምበርማ እኛም ሞልቶናል! በመጨረሻ ያንን ቀን በኤፍሲኤስ ቡድን ሞላነው፤ የዓመቱ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ቅድም «ሁለት ካዩ አንድ ነገር ፈርሷል» ያልኩት ከዚህ ተነስቼ ነው። ከዚያ ወዲህ በስልክ የተባለን ቀን በእርሳስ ነው የምጽፈው። እስክሪብቶ ፊርማ ሲመጣ።

ይህ ሁሉ የዓመታት ዝግጅት ነው ካልኩ በኋላ ተቃራኒውን ልንገርዎ። በ2020 ብሪገም ያንግ ኢንዲፔንደንት ነበር። በኮሮና ምክንያት ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች የውጭ ጨዋታ ሲሰርዙ ፕሮግራሙ እጁ ላይ ፈረሰ። አትሌቲክ ዳይሬክተሩ ቶም ሆልሞ ከዜሮ ጀምረው ቀጣጠሉት። ቡድኑ ዘጠኙንም ጨዋታ አሸንፎ ዲሴምበር ገባ። እንደዚያው ያልተሸነፈው ኮስታል ካሮላይና ቅዳሜ ዲሴምበር 5 ሊበርቲን ሊገጥም ነበር። ሊበርቲ በኮሮና ቀረ። ሐሙስ ዕለት ብሪገም ያንግ እንደሚተካ ተነገረ። ሐሙስ! ከዩታ እስከ ደቡብ ካሮላይና አገሩን አቋርጠው ቅዳሜ ተጫወቱ። የመጨረሻውን ኳስ የያዘው የብሪገም ያንግ ተጫዋች ለግቡ መስመር 1 ያርድ፣ አንድ ሜትር ገደማ፣ ሲቀረው ተጣለ፤ ኮስታል 22 ለ 17 አሸነፈ። ኮንፈረንስ የሌለው ቡድን አንድ ጥቅም አለው ከተባለ ይሄ ነው። ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው የለም።

በ2022 ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ስቴት ከሳን ሆሴ ስቴት ጋር የነበረው ጨዋታ የተጋጣሚው ተጫዋች በአደጋ ስለሞተ ተሰረዘ። አንድ ጨዋታ ጎደለ። ሁሉም ወቅቱን ጨርሶ ዲሴምበር ሲገባ ቫልፓራይዞ የሚባል የኤፍሲኤስ ቡድን አስመጡና 65 ለ 3 አሸነፉ። ሁለተኛ የኤፍሲኤስ ድላቸው ስለሆነ በደንቡ አይቆጠርም። ልዩ ፈቃድ ተሰጣቸው፣ ቦውል ሄዱ፣ ያንንም አሸነፉ።

ልጅዎ «ኮንፈረንስ ቢገቡ አይሻልም ወይ» የሚል ዓይነት ልጅ ከሆነ፣ ክርክሩ እየከበደ ነው። ኤስኢሲ የሚባለው ትልቅ ኮንፈረንስ ከ2026 ጀምሮ ከ8 ወደ 9 የኮንፈረንስ ጨዋታ እንደሚሄድ አስታውቋል። ኤሲሲም ወደ 9 እየሄደ ነው። ቢግ ቴንና ቢግ 12 የሚባሉት ኮንፈረንሶች ቀድመው 9 ናቸው። አንዲት ጨዋታ ትመስላለች፤ ግን በእያንዳንዱ ቡድን ላይ አንዲት ናት። ዌክ ፎረስት በኦክቶበር ኢስት ሃርትፎርድ የሚመጣበት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል ብዬ ነው የምሰጋው። ኖተር ዴም እንኳ ዋጋውን አይቷል። በ2025 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በማያሚና በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተሸንፎ ቀጣዮቹን አሥር በተከታታይ አሸነፈ። 10 አሸንፎ 2 ተሸንፎ በዲሴምበር መጀመሪያ፣ ሌሎች ለኮንፈረንስ ዋንጫ ሲጫወቱ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ለአገሪቱ ዋንጫ ከሚጋጠሙት 12 የፕሌይኦፍ ቡድኖች ውጭ ሆነ። በዚያ ተናዶ ቦውሉንም አልጫወትም አለ። አስቸጋሪ ቡድን በመጀመሪያው ሳምንት መጥራት ጀግንነት ነው፤ ያንን ጀግንነት ዲሴምበር ላይ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ከክለምሰን ጋር ደግሞ ከ2027 እስከ 2038 በየዓመቱ ለመገናኘት ተስማምተዋል። አሥራ ሁለት ቅዳሜ ዛሬ ተይዟል ማለት ነው። ቀን ማጣት ምን እንደሆነ የገባው ሰው ሥራ ነው።

እንግዲህ የእረፍቱ ነገር። ተጋጣሚና ቀን ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በፊት ይታወቃል። የቀረው ቀዳዳ ሲሞላ የመጪው ወቅት ሙሉ ፕሮግራም በዚህ አገር ክረምት ወይም ፀደይ፣ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባለው ጊዜ፣ ይወጣል። ያኔ ለአለቃዎ ማመልከቻ ማስገባት ይችላሉ። የማይታወቀው ሰዓቱ ነው። ሰዓት የሚወስነው ቴሌቪዥን ነው፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ የባለሜዳው ነው። ዩኮን ትልቅ ቡድን ጋር ሲሄድ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው 12 ቀን ሲቀር ነው፣ አንዳንዴ 6 ቀን። ስለዚህ ግማሽ ቀን አይጠይቁ፤ ቅዳሜውን ሙሉ ይጠይቁ። ቅዳሜ ብቻም አይበሉ። ያ የ2024ቱ የጆርጂያ ስቴት ጨዋታ ዓርብ ማታ ነበር፤ ኖቬምበር 1። ዓርብ ማታ ፈረቃ ካለብዎት ከአሁኑ የሚቀይርዎትን ሰው ይፈልጉ።